ምንም ያልቆረጠው መስመር

የጽዋ ማኅበራችን ለየካቲት 16 ዘጌ እንሂድ ብሎ ተነሣ። ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ በጀልባ፣ ልጆቹንም ይዘን። ሽምብጥ አንድ አባላችን ቤት ቡና እየጠጣን በአንድ ቁጭታ ልንጨርሰው ነበር። ጉዳዩ ግን ወደ ጭቅጭቅ ሄደ። ጭቅጭቁን ያበረደው የእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ያበረደበት መንገድ ግን ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነበር። ጀልባው 24 ሰው ይጭናል፤ ባለ ጀልባው ከዚያ በላይ አንድ ሰው አልጨምርም ብሏል። ለደርሶ መልስ 4,800 ብር ጠይቋል። እኛ ደግሞ አዋቂ 300፣ ተማሪ 150 ብር እንዲያዋጣ ተስማምተናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ገንዘብ ያዣችን ግን አስቀድመው ተናገሩ፦ ኪራዩ በመዋጮ ካልሞላ ከማኅበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አይወጣም።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ሌላ ነገር አመጡ። "ለአንድ አዋቂ ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይሆን። ባሕር ላይ ነው እኮ የምንሄደው!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ጣና ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሌላ ሰው ይሆናል። ሌሎቹ ግን አልወደዱትም። "ልጆቹን ልትቀንሱብን ነው" አሉ። ሁለት ወገን ሆንን። ቡናው ሁለተኛው ደረሰ፣ ሦስተኛው ደረሰ፣ ማንም አልረታም።

እግረ መንገዳችንን ክብራን ገብርኤልን እንሳለም ያለም ነበር። እዚያ ሴት አትገባም፤ የማኅበራችን ግማሽ ደግሞ እናቶች ናቸው። ያ ሐሳብ ወዲያው ወደቀ። የዚያ ደንብ ስንቱን እንደሚቆርጥ ለማየት ወረቀት አላስፈለገንም።

የእህቴ ልጅ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ያን ሳምንት የሚማሩት ኢንኢኳሊቲ ነው፤ "አይበልጥም" (≤) እና "አያንስም" (≥) የሚሉ የሒሳብ ደንቦች። ቀና አለችና "ጋሼ፣ ልሣለው?" አለችኝ።

ሁለት መስመር

ግራፍ ወረቀት አወጣች። አግድም የሚሄደው መስመር ኤክስ፣ የአዋቂዎች ቁጥር ሆነ። ወደ ላይ የሚሄደው ዋይ፣ የተማሪዎች። ወረቀቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ እንግዲህ አንድ ጉዞ ነው። (10፣ 5) ማለት 10 አዋቂና 5 ተማሪ የያዘ ጀልባ ነው።

የጀልባው ደንብ ኤክስ + ዋይ ≤ 24 ሆነ። የገንዘቡ ደንብ 300ኤክስ + 150ዋይ ≥ 4,800። ይህን ሁለተኛውን ለ150 አካፈለችውና 2ኤክስ + ዋይ ≥ 32 አደረገችው። በአዎንታዊ ቁጥር ስታካፍል ምልክቱ አይዞርም። በአሉታዊ ሲሆን ነው የሚገለበጠው፤ ፈተና ላይ ስንቱን ተማሪ የሚጥለውም እሱ ነው።

መስመር ለመሥራት ሁለት ነጥብ ይበቃል። የመጀመሪያው አግድሙንም ቀጥ ያለውንም 24 ላይ ይነካል። ሁለተኛው አግድሙን 16 ላይ፣ ቀጥ ያለውን 32 ላይ። ሁለቱንም በማስመሪያ ድፍን መስመር አድርጋ ሠራቻቸው፤ ልክ 24 ሰው መጫንም ልክ 4,800 ብር መሙላትም ይፈቀዳልና። ደንቡ "ከ24 በታች" ቢል ኖሮ መስመሩን ቆራርጣ ነበር የምትሠራው።

ቀጥሎ የሚመጣው "የትኛው ወገን ነው የኛ?" የሚለው ነው። ለዚህ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አለ፦ ዜሮና ዜሮን አስገባና እይ። የእህቴ ልጅም እንደዚያ አደረገች። (0፣ 0) ማለት ማንም ያልተሳፈረበት ጀልባ ነው። 0 ≤ 24፣ እውነት፤ ባዶ ጀልባ አልሞላም። 0 ≥ 32፣ ሐሰት፤ ባዶ ጀልባ ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር በታች፣ ከሁለተኛው በላይ። ሁለቱ ወገን የተደራረበበትን በእርሳስ ሼድ አደረገችው። አንድ ጎኑ አግድሙ መስመር ላይ የተኛ ሦስት ማዕዘን ወጣ። ጫፎቹ (16፣ 0)፣ (24፣ 0) እና (8፣ 16) ናቸው።

አንድ ነጥብ ለስንቱ ይመሰክራል?

ተማሪ ሳለሁ ይህን ዘዴ ሸምድጄዋለሁ። ለምን እንደሚሠራ ግን የጠየቀ አላስታውስም። ቆም ብለው ሲያዩት ግን የሚገርም ነው። መስመሩ ወረቀቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ ወገን ስፍር ቁጥር የሌለው ነጥብ አለ። እኛ ግን አንዱን ብቻ ጠይቀን ለሁሉም እንፈርዳለን። በየትኛው ፍርድ ቤት ነው በአንድ ምስክር እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚሰጠው?

ምክንያቱ ይኼ ነው። ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ስንሄድ 2ኤክስ + ዋይ ቀስ እያለ ይለወጣል እንጂ አይዘልም። ከ32 በታች የነበረ ከ32 በላይ ለመሆን መንገድ ላይ ልክ 32 መሆን አለበት። ልክ 32 የሚሆነው ደግሞ መስመሩ ላይ ብቻ ነው። መስመሩን ያልተሻገረ መልሱን አይለውጥም። ከጊዮርጊስ ተነሥቼ ስሄድ እግሬ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የጣናን ዳር አልተሻገርኩም እንደማለት ነው።

ጣና ግን ከዚህ መስመር ጋር ሁሉ ነገሩ አይገጥምም። የጣና ዳር ይንቀሳቀሳል። ክረምት አልፎ ውኃው ሲሸሽ በፎገራና በደምቢያ በኩል ገበሬው የለቀቀውን መሬት ይዘራበታል፤ ባሕር ሸሽ ይሉታል። እምቦጩ በወረረበት በኩል ደግሞ ውኃው የቱ ጋ እንደሚጀምር ዓይን አይለይም። ከዚህም የሚብሰው፣ ጣና ደሴቶች አሉት። ዳሩን ተሻግረህ ውኃ ውስጥ ገብተህ ስትሄድ ደቅ ላይ ስትደርስ እንደገና መሬት ነህ። እንዲህ ላለ ቅርጽ አንድ ነጥብ ጠይቆ መፍረድ አይቻልም። ቀጥ ያለ መስመር ግን ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው፤ መሀል ላይ ደሴት አይደብቅም። የአንዱ ነጥብ ምስክርነት የሚበቃው በቀጥተኛነቱ ነው።

ሦስተኛው መስመር

አሁን ወደ እናትየዋ ደንብ። ተማሪ ከአዋቂ እጥፍ አይበልጥም፦ ዋይ ≤ 2ኤክስ። የእህቴ ልጅ ይህንንም ልትስለው ማስመሪያዋን አነሣች። ዜሮና ዜሮን አስገባች፤ 0 ≤ 0 ወጣላት። "እውነት ነው" ልትል ብላ ተወችው። ይህ መስመር ራሱ በዜሮው ላይ ያልፋል። መስመሩ ላይ የቆመ ነጥብ የየትኛውም ወገን ምስክር አይሆንም። ስለዚህ (10፣ 0)ን ወሰደች፤ 10 አዋቂ፣ ልጅ የለም። 0 ≤ 20። የኛ ወገን ከመስመሩ በታች ነው።

መስመሩን ከዜሮው አስነሥታ ወደ ላይ ሳበችው። ሁለቱም ወገን አንገቱን አስግጎ ያያል። አንዱ ወገን መስመሩ ሦስት ማዕዘኑን ለሁለት ይሰነጥቀዋል ብሎ ፈርቷል፤ ሌላው ይሰነጥቀው ዘንድ ይጠብቃል። መስመሩ ወጣ፣ ወጣና (8፣ 16) ላይ ሲደርስ የሦስት ማዕዘኑን ጫፍ ነክቶ አለፈ። አለቀ። ከሼዱ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ አልወሰደም።

ልጅቱ ራሷ ግራ ገባት። ቁጥሩን ደግማ አየች። ከዚያ "ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ምንም አልቆረጠም" አለች።

"ምን ማለት ነው አልቆረጠም?" አሉ እናትየዋ።

"እትዬ፣ ብሩ ከሞላና ጀልባው ከ24 ካላለፈ፣ እርስዎ ያሉት ራሱ ይመጣል።"

አላመኑም። ማንም አላመነም። ገንዘብ ያዣችን ስልካቸውን አውጥተው ማስላት ጀመሩ። 7 አዋቂ ቢሄድ የሚቀረው ወንበር 17 ነው። 2,100 እና 2,550፣ 4,650 ብር። 150 ይጎድላል። 8 አዋቂ ቢሆን 16 ተማሪ፤ 2,400 እና 2,400፣ ልክ 4,800። ከ8 አዋቂ በታች ኪራዩ በምንም መንገድ አይሞላም። በ8 ሲሞላ ደግሞ ለአንድ አዋቂ ልክ ሁለት ልጅ ነው። አዋቂ ሲጨምር ለአንዱ የሚደርሰው ልጅ እያነሰ ይሄዳል።

ሙሉውን በአንድ እስትንፋስ ማሳየትም ይቻላል። የገንዘቡን ደንብ በ3 አባዛው፦ 6ኤክስ + 3ዋይ ቢያንስ 96 ነው። የጀልባውን በ4 አባዛው፦ 4ኤክስ + 4ዋይ ቢበዛ 96 ነው። ስለዚህ 4ኤክስ + 4ዋይ ከ6ኤክስ + 3ዋይ አይበልጥም። ከሁለቱም ወገን 4ኤክስና 3ዋይ ስትቀንስ የሚቀርህ ዋይ ≤ 2ኤክስ ነው። የእናትየዋ ደንብ በሁለቱ ደንቦች ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት አንዱ ወገን ቀድሞ በእጁ ያለውን ለማግኘት ታገለ። ሌላው ምንም በማይወስድበት ደንብ ላይ ተሟገተ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ይሁንና አንዳቸውም አልተሳሳቱም። እናትየዋ ለልጆቹ መስጋታቸው ትክክል ነው። ሌሎቹም ልጆቹ እንዳይቀሩ መፈለጋቸው ትክክል ነው። የሚገርመኝ 300 እና 150 ብር ብለን ስንወስን ስለ ልጆች ደህንነት ያሰበ አለመኖሩ ነው። እኛ ያሰብነው ስለ ኪስ ነበር። ኪሱ ሳናዝዘው ሞግዚት ሆነ።

ካይሮ የነበረው ሰውዬ

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ምንም የማይቆርጥ ደንብ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ ምን ቦታ አለው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ የቆየ ራስ ምታት ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ በሙቀት ሒሳቡ ነው የሚታወቀው። በ1798 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቀጥሎ ያሉትም) ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ወርዶ ካይሮ የነበረው የግብፅ ተቋም ጸሐፊ ሆኗል። ከኛ ከጣና የወረደ ውኃ ሳይጠጣ አልቀረም። በ1820ዎቹ ደግሞ ብዙ ኢንኢኳሊቲዎችን አንድ ላይ እንዴት መፍታት እንደሚቻል ሠራ። መንገዱ እያጣመሩ አንዱን ያልታወቀ ቁጥር ማስወጣት ነው። የጀልባውን በ4፣ የገንዘቡን በ3 አባዝቶ ማገናኘት የዚያ ዘመድ ነው። ዘዴውን ቴዎዶር ሞትስኪን በ1936 እንደገና አግኝቶታልና ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

የዘዴው ጣጣ ታዲያ ምን መሰላችሁ? ስታጣምር ስታጣምር ደንቡ ይፈላል። ከሚፈላው ውስጥ አብዛኛው ልክ እንደኛ ሦስተኛ መስመር ምንም የማይቆርጥ ነው። ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 ከጫፍ ወደ ጫፍ እየተራመደ የተሻለውን የሚፈልግ ዘዴ ካመጣ ወዲህ ትልልቅ ችግሮች በዚያ መንገድ ይፈታሉ። ዛሬ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ደንቦቹን ያበጥራሉ፤ የማይቆርጠውን አውጥተው ይጥላሉ።

ሃንጋሪያዊው ጁላ ፋርካሽ በ1902 ያሳተመው ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። በኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። ደንቦቹ አንድ ላይ ሊሟሉ የሚችሉ ይሁኑ። ከእነሱ የግድ የሚከተል ሌላ ቀጥተኛ ደንብ ካለ፣ ደንቦቹን አሉታዊ ባልሆኑ ቁጥሮች አባዝቶ በመደመር ሁልጊዜ እሱን ራሱን ወይም ከእሱ የጠበቀ ደንብ ልታገኝ ትችላለህ። የኛ 3 እና 4 የአጋጣሚ ነገር አይደሉም። ደንቡ ትርፍ ከሆነ፣ ማለትም ከሌሎቹ በላይ ምንም የማይቆርጥ ከሆነ፣ እንደዚያ ያሉ ቁጥሮች የሆነ ቦታ ተቀምጠው ይጠብቁሃል።

ቅናሹ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዲህ ባልከነከነኝ። ጭቅጭቁ በርዶ፣ ሰው እየሳቀ ሳለ አንድ አባላችን "ባለ ጀልባውን አውቀዋለሁ፣ ላናግረው" ብሎ ደወለ። ተከራከረ፣ ለመነ፣ ኪዳነ ምሕረትን ጠራበት። 4,200 ብር አስገባው። እልልታው ቀለጠ።

የእህቴ ልጅ ላጲስ አነሣችና የገንዘቡን መስመር አጠፋች። አዲሱ 2ኤክስ + ዋይ ≥ 28 ነው። ከድሮው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ወደ ዜሮው የቀረበ መስመር። ሦስት ማዕዘኑ ሰፋ። ላይኛው ጫፉ ከ(8፣ 16) ተነሥቶ (4፣ 20) ላይ ሄደ።

4 አዋቂ፣ 20 ልጅ። 1,200 እና 3,000፣ 4,200 ብር ሞልቷል። ጀልባው 24 ይዟል። ሁለቱም ደንቦች ደስተኛ ናቸው። ለአንድ አዋቂ ግን አምስት ልጅ ደረሰ፣ ያውም ጣና ላይ።

ቀደም ሲል ምንም ያልቆረጠው የእናትየዋ መስመር አሁን በሦስት ማዕዘኑ ራስ ላይ ያልፋል። ከ(7፣ 14) እስከ (8፣ 16) ድረስ ገብቶ ላይኛውን ቁራጭ ከነ(4፣ 20) ቆርጦ ይጥለዋል። ኪራዩ 4,800 ሳለ ልጆቹን ይጠብቅ የነበረው ውድነቱ ነበር። ሲረክስ ጠባቂው ሄደ። ከደቂቃዎች በፊት "አያስፈልግም" ያልነው ደንብ ብቸኛው ጠባቂ ሆነ።

ልብ በሉ፣ እናትየዋ አንድ ቃል አልለወጡም። የተለወጠው ጎረቤታቸው ያለው መስመር ነው። ትርፍ መሆን የደንቡ ጠባይ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉት ደንቦች የሚሰጡት ስም ነው። እነሱ ሲነቃነቁ ስሙም ይነሣል። አንድ ሰው ሲስቅ "እንግዲህ የእትዬን ከቃለ ጉባኤው እናውጣው" ብሎ ነበር። ጸሐፊያችን ሰነፍ ስለሆነ ብቻ ሳይሰረዝ ቀረ። ስልኩ ከመደወሉ በፊት ቢሰረዝ ኖሮ ማን መልሶ ያስገባው ነበር? እልል እያልን?

ግማሽ ሰው የለም

አንድ ነገር ልጨምር። ሼድ ያደረግነው ቦታ ትንሽ ያታልላል። እርሳሱ ሁሉንም ቦታ ያጠቁራል፤ ጀልባ ላይ ግን 9 ሰው ተኩል አይወጣም። ለኛ የሚሆኑት ካሬዎቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ብቻ ናቸው። በ4,800 ብር ቁጠሯቸው ብትሉ 81 ናቸው። 81 የተለያዩ ጉዞዎች፣ ሁሉም ሕጋዊ። በ4,200 ብር 121 ይሆናሉ። የእናትየዋ መስመር ከነዚህ 9ኙን ይቆርጣል፤ 112 ይቀራሉ። ከ121 ውስጥ 9 ነጥብ ምንም አይመስልም፤ ልጅ በብዛት ያለ አዋቂ የሚጓዘው ግን በነዚያ ዘጠኙ ነው።

ግማሽ ሰው አለመኖሩ የቸገረን መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት አዛውንት አባላት አሉን፤ እነሱ ያለ መዋጮ ይሂዱ ተባለ። ልጆችን ተቆጣጠሩም አይባሉም። ሁለት ወንበር ሄደ ማለት ነው፤ የጀልባው ደንብ ኤክስ + ዋይ ≤ 22 ሆነ። ተማሪ በብዛት ይሂድ የሚለው ወገን ከፍ ያለውን ጫፍ ፈለገ። ጫፉ የጀልባው መስመርና የእናትየዋ መስመር የሚገናኙበት ነው። የእህቴ ልጅ ስትፈታው ኤክስ ሰባት ከሲሶ፣ ዋይ አሥራ አራት ከሁለት ሲሶ ወጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ወደሚቀርበው አጠጋጊው" አለ ስልክ የደወለው ሰው። 7 አዋቂ፣ 15 ተማሪ። ልጅቱ አየችው፤ 15 ከ14 ይበልጣል፣ ደንቡ ይሰበራል። የቀረበው ነጥብ ውጭ ነው ያለው። ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። ራልፍ ጎሞሪ በ1958 ለእንዲህ ያለው ችግር ያመጣው መንገድ ተጨማሪ መስመር መሥራት ነው። መስመሩ ሲሶ ሰው ያለበትን ጫፍ ይቆርጣል፤ ሙሉ ሰው ያለባቸውን ነጥቦች ግን አንዱንም አይነካም።

እኛ ጎሞሪ አላስፈለገንም፤ አጠገቡ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ አየን። 7 እና 14 ቢሆን አንድ ወንበር ባዶ ይሄዳል። 8 እና 14 ቢሆን ጀልባው ይሞላል፣ እናትየዋም ይስማማሉ። 8 አዋቂ፣ 14 ተማሪ፣ 2 አዛውንት ተብሎ ተጻፈ። 2,400 እና 2,100፣ 4,500 ብር። የተረፈው 300 ለጧፍና ለዕጣን ይሁን ተባለ። ገንዘብ ያዣችን ግን ደረሰኝ ሳላይ አልሰጥም አሉ።